ስለ ሽማግሌያችሁ መታሰቢያ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ቤተሰብስ ደህና ነው? ሳንጻጻፍ ብዙ ቆየን። መልእክትህ ሲደርሰኝ ደስታና ሐዘን አብረው መጡብኝ። ከመጠጥ ርቀህ መቆየትህን በመስማቴ አምላክን አመሰገንሁ። ስብሰባችሁን ያቋቋሙት ሽማግሌ ማረፋቸው ግን አሳዝኖኛል፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ለአርባቸው አንዱ ፎቷቸው ከነሙሉ ስማቸው ይለጠፍ ሲል፣ ሌላው ቡድኑ በስማቸው ይጠራ፣ ሌላው ደግሞ ገንዘብ ይዋጣ ማለቱን ጽፈህልኛል። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው፤ ቢሆንም ሦስቱም እንዳሉ አይሆኑም።

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ በተባለው፣ ስብሰባችሁ ባለበት የመጠጥ አቋሚዎች ማኅበር ውስጥ ይህ ጉዳይ የተነሣው ገና መሥራቾቹ በሕይወት ሳሉ ነው። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) ከሁለቱ መሥራቾች አንዱ የነበሩት የዶክተር ቦብ ስሚዝ ባለቤት አን በ1949 ካረፉ በኋላ ወዳጆች ለሁለቱም ትልቅ ሐውልት ሊያሠሩ ተነሡ። ዶክተሩ አሳቢዎቹን አመስግነው ለሌላው መሥራች ለቢል ዊልሰን የነገሯቸው ግን እንደ ማንኛውም ሰው መቀበር እንደሚሻል ነው። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ወር ሲያርፉም እንዲሁ ሆነ። ካላችሁበት ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ሁለት ሰዓት ያህል ነድተህ አክረን ከተማ፣ ማውንት ፒስ መካነ መቃብር ብትሄድ የምታየው ተራ የቤተሰብ ድንጋይ ነው፤ ስለ ማኅበሩ አንድም ቃል አልተቀረጸበትም። ከላዩ ላይ ግን ሰዎች ያለ መጠጥ የቆዩበትን ዘመን የሚያመለክቱ ሳንቲሞቻቸውን ትተው ይሄዳሉ። ቢል ዊልሰንም በ1954 ዬል ዩኒቨርሲቲ ያቀረበላቸውን የክብር ዶክትሬት አልተቀበሉም። አንድ ሰው ጎልቶ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ቢጠጣ፣ ሌላው ሁሉ «እሱም አልቻለበትም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ከስሙ እንጀምር። አባል ከሞተም በኋላ ማንነቱን ለሕዝብ አለማውጣት ይመረጣል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የቤተሰቡ ነው። እናም ከሁሉ በፊት ባለቤታቸውን ወይም ትልቁን ልጅ ለብቻ አነጋግሩ። ቤተሰቡ ካልፈቀደ በስብሰባው የመጀመሪያ ስማቸው ብቻ ይጠራ። ፈቅዶ የሕይወት ታሪካቸው ቢነበብም የሌሎች አባላት ስም በጭራሽ አይግባበት፤ «እነ እገሌን አስጥለዋል» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር በሕይወት ያለን ሰው ከሥራው ልታፈናቅል ትችላለች። በአገራችን ሰው መካከል ደግሞ ወሬ ከኮሎምበስ አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃዋል። ቡድንን በሞተም ሆነ በሕይወት ባለ ሰው መሰየምም አይመከርም። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ማኅበሩ አባል ካልሆነ ሰው መዋጮ አይቀበልም፤ ዘመድ መስጠት ከፈለገ ለዕድሩ ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ ይስጥ።

ቤተሰቡ እንዲገኝ ከፈለጋችሁ ስብሰባው ክፍት መሆኑ ቀድሞ ይነገር። ዝግ ስብሰባ ለጠጪዎች ብቻ ነው። ሳታሳውቁ እንግዳ ካስገባችሁ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ሰው በር ላይ ዘመዱን አይቶ ይመለሳል።

በእጅ የሚያዝ ነገር ካማራችሁ የሲስተር ኢግናሺያን ልማድ ተከተሉ። እሳቸው ጠጪ አልነበሩም፤ አክረን በነበረው ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ሕሙማንን የሚመዘግቡ የአየርላንድ ተወላጅ መነኩሲት ነበሩ። በ1939 ነሐሴ ዶክተር ቦብ አንድ ሰካራም ይዘው ሲመጡ፣ ሆስፒታሎች እንዲህ ያለውን ሰው ስለማይቀበሉ «የጨጓራ ሕመም» ብለው መዘገቡት። በማግሥቱ ዶክተሩ ሰው የማያየው ቦታ ለምነው ሲጠይቁ፣ ሲስተር ለሕሙማን የሚመጣ አበባ ወደሚስተካከልበት ትንሽ ክፍል አልጋውን አስገፉት። ኋላ ለዚሁ ሕመም የራሱ ክፍል ተከፈተ። በሽተኛው ይተኛ የነበረው አምስት ቀን ያህል ሲሆን፣ የዳኑት ሰዎች እየመጡ አብረውት ይቀመጡ ነበር። ሲወጣ ሲስተር የኢየሱስ ቅዱስ ልብ ያለበት ትንሽ ምልክት ይሰጡት ነበር፤ ዳግመኛ ሊጠጣ ካሰበ አስቀድሞ ምልክቱን በራሱ እጅ ሊመልስላቸው ቃል ይገባ ነበር። ከሁሉም ታሪክ እኔን ዘወትር የሚነካኝ ይኼ ነው። የሟቹን ሳንቲም ቤተሰቡ ከፈቀደ በቡድኑ ውስጥ በጣም አዲስ ለሆነው ሰው በዚያው ቃል ስጡት።

ተዝካሩ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጠላና አረቄ መቅረቡ አይቀርምና። አባላት ብቻቸውን አይሂዱ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ፣ ሳይርባቸው ይድረሱ፣ በልተው አጽናንተው ጊዜ ሳይፈጁ ይውጡ። ቤተሰቡን ቀድማችሁ ለስላሳና ውሃ እኛ እናምጣ በሏቸው። ብርዝ ካዘጋጃችሁ በዚያው ቀን ይበጥበጥ፣ ጠጅ በነካው ዕቃም አይሁን፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል። ቄሪቦም ስለሚቦካ «አልኮል የለውም» ተብሎ አይታመን። ከየት ታውቋቸዋላችሁ ለሚል ጥያቄ «ወዳጃችን ነበሩ» በቂ ነው።

በሐዘኑ ልቡ ተነክቶ «ከዛሬ ጀምሮ ተውኩ» የሚል ከባድ ጠጪ ከገጠማችሁ በዚያች ሌሊት ብቻውን አትተዉት። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊያንፈራግጠው፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ሊያቃዠውና ሊገድለው ይችላል። ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የሚጠጣውን መጠንም ሳይቀንስ ይናገር። ዶክተር ቦብና ሲስተር ኢግናሺያ አልጋ ለማግኘት ያን ያህል የደከሙት ለዚህ ነው።

ጫት ወይም ሌላ ነገር ለያዘው ልጅ ናርኮቲክስ አኖኒመስን ጠቁሙት። በ1953 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ የስኮትላንድ ተወላጁ ጂሚ ኪነን ነበሩ፤ እዚያ የሚጠየቀው ስለ ሱሱ እንጂ ስለ ዕፁ ዓይነት አይደለም።

ሰኔ ላይ አክረን ለመሄድ ካሰባችሁ፣ የመሥራቾች ቀን የሚከበረው ዶክተር ቦብ በ1935 ለመጨረሻ ጊዜ በጠጡበት በሰኔ 10 አካባቢ ባለው የሳምንት መጨረሻ ነው። ሺዎች ስለሚመጡ ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ። እሑድ ጠዋት ሞተረኞቹ ወደ መቃብሩ ስለሚሄዱ መንገዱ ሳይጨናነቅ ድረሱ።

ባለቤታቸው ስለ ስሙ ምን እንዳሉ ጻፍልኝ፤ የሚነበበውንም ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ላክልኝና አብረን እንየው።

ወዳጅህ