የሀገር በቀል ዛፍ በጀት ሰኔ 30 አይዘጋ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ በየክረምቱ ስለ ችግኝ ተከላ የሚያወጣቸውን ዘገባዎች በትኩረት አነባለሁ። ስንት ችግኝ እንደ ተተከለ፣ የትና በማን እንደ ተተከለ ከዘገባዎቹ እረዳለሁ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው ቦታ የተተከለው ምን ላይ እንደ ደረሰና ገንዘቡ በምን ሥርዓት እንደሚወጣ ግን አልፎ አልፎ እንኳ ሲነሣ አላይም። በሐዋሳ ዙሪያ በሚገኝ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ረዘም ላለ ጊዜ የሠራሁ በመሆኔ፣ መንግሥት የተራቆተን መሬት በቀድሞ ዕፅዋቱ ለመመለስ ስለሚመድበው ገንዘብ ያለኝን አስተያየት እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አቤቱታዬ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለሀገር በቀል ዛፍ የሚመደበው በጀት በአንድ ዓመት ተከፍቶ በዚያው ዓመት የሚዘጋ እስከ ሆነ ድረስ፣ የሚያበቅለው ከውጭ የመጡትን ባሕር ዛፍንና ግራቪሊያን ነው።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። በእኛ አካባቢ ችግኝ የሚተከለው ደግሞ ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ተከፋፍሎ፣ የዘርና የፕላስቲክ ከረጢት ግዥ ተፈጽሞ፣ የቀን ሠራተኛ እስኪቀጠር ድረስ ጥቅምት አልፎ ኅዳር ይገባል፤ ከዚያ እስከ ተከላው የሚቀረው ስምንት ወር ቢሆን ነው። በስምንት ወር ውስጥ የትኛው ችግኝ ለተከላ እንደሚደርስ ችግኝ ያፈላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባሕር ዛፍ ይደርሳል፤ ግራቪሊያም ይደርሳል፤ የፈረንጅ ጽድም ተንከባክበው ከያዙት አያሳፍርም። ዝግባ ግን አይደርስም። ፍሬው በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ ስለሆነ ለመብቀል ብቻ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ከበቀለም በኋላ ሜዳ ላይ ወጥቶ ከብትንና በጋን ሊቋቋም የሚችል ቁመትና ሥር እስኪያወጣ ሌላ ክረምት መጠበቅ ይኖርበታል። ወይራና የሐበሻ ጽድም ችኩል ዛፎች አይደሉም። ከሀገር በቀሎቹ መካከል ዋንዛና ብርብራ ፈጠን ስለሚሉ፣ «ሀገር በቀል ተክለናል» ለማለት ተመርጠው የሚፈሉት አብዛኛውን ጊዜ እነርሱ ናቸው።

በዚህ ሁኔታ የጣቢያ ኃላፊ ምን እንዲያደርግ ይጠበቃል? ዕቅዱ የተሰጠው በችግኝ ቁጥር ነው፤ ሰኔ 30 ድረስ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ዘንድሮ ያልደረሰ የዝግባ ችግኝ በሪፖርቱ ላይ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ሁለት ዓመት የሚቆይ ችግኝ ቢያፈላ ለሁለተኛው ዓመት የውኃና የአረም ወጪ ገንዘብ ስለ ማግኘቱ ምንም ዋስትና የለውም። ስለዚህ ቶሎ የሚደርሰውን ያፈላል። ይህን የሚያደርገው ለሀገር በቀል ዛፍ ደንታ ስለሌለው እንዳልሆነ አብሬ ሠርቼ አይቻለሁ።

ከተከላ በኋላ ያለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኔም ከሕዝቡ ጋር ወጥቼ ተክያለሁ፤ ያን የመሰለ የሕዝብ ተነሣሽነት ማየትም አስደስቶኛል። ነገር ግን ችግኝ የሚሞተው በሐምሌ አይደለም። የሚሞተው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ውኃ የሚያጠጣው፣ ዙሪያውን የሚኮተኩትለትና ከብት የሚያግድለት ሲጠፋ ነው። ለጉድጓድ ቁፋሮና ለችግኝ ማጓጓዣ የሚገኘው ገንዘብ ለጥበቃ ደመወዝ አይገኝም፤ የጽድቀት መጠን፣ ማለትም ከተተከለው ስንቱ በሕይወት እንደ ቆየ፣ ቆጠራ ቢደረግም፣ የቆጠራው ውጤት በሚቀጥለው ዓመት በጀት ላይ ለውጥ ሲያመጣ በሠራሁበት ዘመን አላየሁም።

ጉዳዩ ለሐዋሳ ነዋሪ የሩቅ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርደው ውኃ በጨለለቃ ረግረግ በኩል አልፎ፣ በጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ አብሮት የመጣው ደለልም መውጫ ስለሌለው እዚያው ይቀራል። ጨለለቃ ራሱ በቆዩ ካርታዎች ላይ ሐይቅ ሆኖ ተሥሎ ይገኛል፤ ዛሬ ግን በደለል ተሞልቶ ረግረግ፣ ግጦሽና እርሻ ሆኗል። በሐይቁ ዳር በሚገኘው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶና አምባዛ እየሸጡ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ኑሯቸው የተያያዘው ላይኛው ተፋሰስ ላይ ካለው ዕፅዋት ጋር ነው።

እዚህ ላይ በችግኝ ቁጥር የሚሰፈር በጀት ምን ያህል እንደሚያሳስት በግልጽ ይታያል። ረግረግ የሚያገግመው ዛፍ ስለ ተተከለበት አይደለም፤ እንዲያውም ባሕር ዛፍ ሲተከልበት ይደርቃል። ጨለለቃ የሚፈልገው ደንገሉ፣ ፊላውና ቄጠማው ተመልሶ ደለሉን እንዲያጣራ፣ ዳርቻው እንዳይታረስና ከብት የሚገባበት ጊዜ እንዲወሰን ነው። ለዚህ ሥራ የሚቆጠር ችግኝ ስለሌለ፣ በዕቅድ ቅጹ ላይ የሚገባበት ሣጥን የለም፤ ሣጥን የሌለው ሥራ ደግሞ በጀት አያገኝም።

በተራቆተ ኮረብታም ቢሆን ሁልጊዜ መትከል ግድ አይደለም። ከሐዋሳ እጅግ ሳይርቅ በወላይታ ሁምቦ፣ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት እንዲያገግም የተደረገው በአብዛኛው ከመሬት በታች በሕይወት የቆዩት ጉቶዎችና ሥሮች እንዲያቆጠቁጡ በመከለል፣ ከቀንበጡ የሚሻለውን መርጦ ሌላውን በመግረዝና መሬቱን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ በመጠበቅ ነው። ሥራውን ወርልድ ቪዥን ከዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ ጋር ደግፎታል፤ በ2002 ዓ.ም. የካርቦን ልቀትን የሚቀንሱ ሥራዎች ክፍያ በሚያገኙበት በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቦ፣ ሰባት የአካባቢው ማኅበራት ደኑ ከአየር ስቦ ካመቀው ካርቦን ገቢ እንዲያገኙ ሆኗል። ትኩረት የሚሻው ነገር ክፍያው የተከፈለበት መንገድ ነው። የተከፈለው ለቆመ ደን፣ ደኑ ተለክቶ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ማኅበራቱም በመሬቱ የመጠቀም መብታቸው አስቀድሞ ታውቆላቸዋል።

የግል ይዞታን በተመለከተ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ ይታወቃል፤ አርሶ አደሩ ያለው በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የተረጋገጠ የመጠቀም መብት ነው። በሲዳማ ይህ ይዞታ ብዙ ጊዜ እጅግ ጠባብ ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሐዋሳ ግንባታ የሚሸጥ አጣና ይሆናል፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ገንዘብ ያመጣል፤ ዝግባ ግን ለልጅ ልጅ ነው። የዚህን አርሶ አደር ምርጫ ልንወቅስ አይገባንም፣ የሚያሰላው የልጆቹን ቀለብ ነውና። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን አውቆ ለአልሚው የግብር ማበረታቻ መስጠቱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ የግብር እፎይታ የሚጠቅመው ገቢ ለመጣለት ሰው ነው። ባለ ይዞታው ድጋፍ የሚያስፈልገው ዛፉ ምንም በማይሰጥባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ነው። በወንዝ ዳር ወይም በቁልቁለት ላይ ያለውን ቁራጭ መሬት ከእርሻ አውጥቶ ለሀገር በቀል ዕፅዋት ለሚተው ቤተሰብ፣ ከዚያ መሬት ያገኝ የነበረውን ምርት የሚያካክስ መጠነኛ ክፍያ በየዓመቱ ቢሰጠው፣ የደለሉን ጉዳት ከታች ሆኖ ከመጠገን እንደማይከብድ አምናለሁ። ከዚህ ጋር፣ በይዞታው ላይ ራሱ ያሳደገውን ዋንዛ ነገ ቆርጦ ጣውላ ለማውጣት ቢፈልግ ለፈቃድና ለማጓጓዣ ይለፍ ሲመላለስ እንደማይከርም በጽሑፍ ሊረጋገጥለት ይገባል። ይህ ሥጋት ያለበት ሰው በማሳው የበቀለውን ቀንበጥ ገና በልጅነቱ ይነቅለዋል።

ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት የሚጎድለው ክልል ለደን የሚሰጠው ትርፍ ገንዘብ ከየት ያመጣል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። እኔ የምጠይቀው አዲስ ገንዘብ ከመፈለጉ በፊት፣ አሁን የሚወጣው በሌላ ሥርዓት እንዲወጣ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. ለአረንጓዴ አሻራና ለተራቆተ መሬት ማገገሚያ የሚውል ልዩ ፈንድ እንዲቋቋም አዋጅ አጽድቋል። እንዲህ ያለ ፈንድ የሚፈለገው ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገር ሥራን ለመሸከም ነው፤ የፈንዱ ገንዘብ ወደ ክልልና ወደ ወረዳ ሲወርድ ተመልሶ የዓመት ችግኝ ዕቅድ ከሆነ ግን ከመደበኛው በጀት የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ የሲዳማ ክልል የበጀት ዝግጅት ከሚመለከታቸው አካላት ሁሉ የምጠይቀው፣ ለሀገር በቀል ዝርያዎች ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል ያላቸው የችግኝ ጣቢያ በጀቶች እንዲያዙ፣ ከእያንዳንዱ የተከላ ገንዘብ ላይ የተወሰነው ድርሻ ተይዞ በሦስተኛው ዓመት የጸደቀው ከተቆጠረ በኋላ ብቻ እንዲለቀቅ፣ ተተክሎም ሆነ ተከልሎ ያገገመ መሬት በሄክታር ተለክቶ እኩል ክፍያ እንዲያገኝ ነው። ቆጠራውን የሚያካሂደው የተከለው መሥሪያ ቤት መሆን የለበትም። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የወንዶ ገነት ደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ መምህራኑና ተማሪዎቹ በየዓመቱ ጥር ላይ ወጥተው ቢቆጥሩ፣ የአበል ወጪው ከሚያድነው ገንዘብ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የመጀመሪያው ቆጠራ በጥቁር ውኃ ተፋሰስ እንዲጀመርና ውጤቱ በቀበሌ ተለይቶ፣ የሞተውም የጸደቀውም ሳይደበቅ፣ በጋዜጣችሁ እንዲወጣ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ
ከሐዋሳ