ምስክሯ የት አለች?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን አንድ አንባቢያችሁ የቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ከአዲስ አበባ ቪላና ከውርስ ጠብ አልወጣ ማለታቸውን ጽፈው አነበብሁ። እውነታቸውን ነው። እኔ ዕድሜዬን በወሎ ወረዳዎች በዐቃቤ ሕግነት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የሙያዬን ሰዎች በአማርኛ ድራማ ሳላይ መሞት አልፈልግም።

በዚህ ክረምት የልጄ ልጅ «ቺካጎ ጀስቲስ» የሚባል የአሜሪካ ድራማ በፍላሽ ጭኖ አመጣልኝ። ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ከቤት በማያስወጣበት ሐምሌ ተቀምጬ ጨረስሁት። 13 ክፍል ብቻ ነው። በኤንቢሲ ጣቢያ በየካቲት 2009 ተጀምሮ ግንቦት ላይ አበቃ። ስለ እሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ስለ ፖሊስና ስለ ሆስፒታል የተሠሩት የቺካጎ ድራማዎች ሲቀጥሉ የፍርድ ቤቱ በአንድ ምዕራፍ ቀረ። አጀማመሩም አስቸጋሪ ነበር፤ መነሻው አንድ የመጋዘን ቃጠሎ ሲሆን እሳቱ በአንደኛው ድራማ፣ ምርመራው በሌላው፣ ክሱ ደግሞ በዚህ ይታያል። ሁለቱን ያላየ ሰው ከመሀል ይገባል።

ዋናው ሰው ፒተር ስቶን የሚባል ዐቃቤ ሕግ ነው። አባቱም በሌላ ድራማ የኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። ስቶንን ወድጄዋለሁ። እዚያ የዐቃቤ ሕጎቹ አለቃ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ስለሆነ መዝገቡንም ምርጫውንም ያስባል፤ ስቶን ግን የሚያስበው መዝገቡን ነው። እኛ ዘንድ አለቃ የሚመጣው በሹመት ነው፤ ቢሆንም መዝገብ ታቅፎ አለቃ ፊት መቆም ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁና ያ ነገር ልቤን ነካው።

ልጁ አብሮኝ እያየ «አያዬ፣ አንተም እንዲህ በችሎቱ መሀል እየተንጎራደድህ ትናገር ነበር?» አለኝ። የለም አልሁት። እኛ ጋ እንደዚያ አገር ከሕዝብ የተመረጠ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጦ ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም አይልም። ሰብሳቢው ዳኛ መሀል፣ ሁለቱ ዳኞች ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ አንተ ካለህበት ቆመህ «ክቡር ፍርድ ቤት» ትላለህ።

የከነከነኝ ግን ይኸ ልዩነት አይደለም፤ የየአገሩ ሥርዓት የየራሱ ነው። የከነከነኝ ምስክሩ ነው። በዚያ ድራማ ምስክር ይጠራል፣ ይገባል፣ ይናገራል፣ ይወጣል። የት አደረ? ማን ቤቱን ጠበቀለት? በስንተኛው ቀጠሮ መጣ? አንድ ሰዓት በማትሞላ ጊዜ ወንጀሉም ክሱም ፍርዱም ያልቃል።

እኔ የማልረሳት ምስክር ከለጋምቦ ወረዳ ነበረች። በድንበር ጠብ ሰው ሲገደል ከደጇ ሆና ያየች እናት ናት። ስሙን የማልጠራው ችሎት ፊት አራት ጊዜ ቀረበች። መጀመሪያ ዳኛው ሥልጠና ሄደዋል ተባለች። ቀጥሎ የተከሳሽ ጠበቃ ቀሩ። ሦስተኛውን፣ መኪና ጠፍቶ ተከሳሹ ከማረሚያ ቤት ሳይመጣ ቀረ። ገብሷን ሳትወቃ፣ በጎቿን ለጎረቤት ልጅ ትታ፣ ቆሎዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር የምትመጣው። ያን ዕለት ከችሎቱ ደጃፍ ቁጭ ብላ፣ «ጌታዬ፣ ያየሁት እንዳይጠፋብኝ ሌት ሌት ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ወላሂ፣ ስነግረው ስነግረው እንዳይለወጥብኝም እፈራለሁ» አለችኝ። «እትዬ፣ አብሽሪ፣ የሚቀጥለው የመጨረሻ ነው» አልኋት። ይህን የማለት ሥልጣን አልነበረኝም።

ለአራተኛው ቀጠሮ ስትመጣ በሁለቱ ወገኖች መካከል አበጋሮች፣ ማለትም ደም የሚያደርቁ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ገብተው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ደሙ ደርቆ ነበር። ምስክር መቆሚያው ላይ ወጥታ ማለች። በዋና ጥያቄ ያየችውን ጠየቅኋት፤ «አላየሁም» አለች። መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን የሚጠቁም ጥያቄ፣ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ለራስ ምስክር አይቀርብም። ሌላ የዓይን ምስክር አልነበረኝም። ተከሳሹ በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 141 መሠረት መከላከያ ሳይጠየቅ በነፃ ተሰናበተ። እሷ አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችኝም።

አበጋሮቹን አልወቅሳቸውም። እነሱ ባይገቡ ኖሮ የሟች ወንድም በማግሥቱ ጠመንጃ ያነሳ ነበር፤ ይህን ወሎ ያደገ ሁሉ ያውቃል። በሕጉ ደግሞ የነፍስ ግድያ ክስ የመንግሥት ነው፤ ቤተሰብ ስለታረቀ አይቀርም። ለምስክሮች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003ም የተጻፈው ለሚዛትበት ምስክር ነው። እሷን ማንም አልዛተባትም፤ የለመኗት ነጭ ሽበት ያበቀሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ «ልጄ፣ የበረደውን አትቆስቁሺ» ብለው። እምቢ ብትላቸው በዚያ መንደር እንዴት ትኖራለች? እሺ ብላ ከማለች በኋላስ ሌሊቱን ለራሷ ምን ትነግረዋለች?

ደራሲዎቻችን፣ ይህን ጻፉልን። ቺካጎ ይህ ታሪክ የለም። ተመልካች ይጠፋል ብላችሁም አትፍሩ፤ ሕዝባችን ቴሌቪዥን ሳይመጣ በፊት በጥንቱ የችሎት ሙግት «በላ ልበልሃ» ሲባል ለመስማት ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚውል ሕዝብ ነው። የልብስና የመኪና ወጪም አይበዛበትም፤ አንድ ችሎት፣ አንድ የመዝገብ ክፍል፣ አንድ የአውቶቡስ መናኸሪያ ይበቃል።

ዕድሜ ከሰጠኝ ለመጣ ደራሲ የማውቀውን ሁሉ እነግራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሆጤ ቤቴ አለሁ፣ ቡናም አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እለምናለሁ። የመጀመሪያው ትዕይንት ቢሮ ውስጥ አይሁን። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ መጥሪያዋን በደረቷ ሸጉጣ አውቶቡስ ፍለጋ በብርድ የምትወርደዋን ሴት አሳዩን። ዐቃቤ ሕጉ በሁለተኛው ትዕይንት ይግባ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ዐቃቤ ሕግ
ከደሴ፣ ሆጤ