እማዬ፣ ቪዲዮውን ደግመሽ እዪው

ቺያንግ ማይ፣ ታይላንድ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረውና ወደ ነገሬ ልግባ። ለፋሲካ ደጋግሜ ብደውል አላነሳሽልኝም። ትንሹ ወንድሜ “ተኝታለች” አለኝ፤ ከኋላው ግን “ለእንግዶቹ ድፎውን ቁረሱላቸው” ስትዪ ሰምቼሻለሁ። የተኛ ሰው ድፎ አያስቆርስም።

እህቴ ሁሉንም ነግራኛለች። የአክስቴ ልጅ ቲክቶክ ላይ ያገኘችውን አምጥታ አሳይታሻለች። በሆሳዕና ዕለት፣ መንገድ መሐል፣ ከእግር እስከ ራሴ ርሼ፣ ጉንጬ ነጭ ተቀብቶ ስስቅ አይተሽኛል። “ለእህቷ ሠርግ መምጫ የላትም፤ ለጭፈራ ጊዜ ግን አላት” አልሽ አሉ። ካልሽው ይልቅ በሰው አፍ መስማቴ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

እስቲ ቪዲዮውን ደግመሽ እዪው። ፊቴን ተዪውና ቀኝ እጄን እዪ። ጣቴ ላይ ቀለበት አለ፤ ዘንባባ ነው። ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያዬ የለም። ከአከራዬ ግቢ ከኮኮናቱ ዛፍ ቅጠል ቆርጬ፣ አንቺ እንዳስተማርሽኝ አድርጌ ራሴ ጎንጉኜ ነው ያሰርኩት። እናንተ ዘንድ ሲነጋ እዚህ ረፋድ ስለሆነ፣ ቅዳሴውን በስልኬ ተከታትዬ ስጨርስ ቀትር ሆኖ ነበር። የወጣሁት የጾም ምግብ ልገዛ ነው። እዚህ አገር ጎመን እንኳ ያለ ዓሣ መረቅ አይሠራም። ነገር ግን “ጄ” የሚሉት አለ፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የማይገባበት። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም፤ ያለ ሽንኩርት ምን ወጥ አለ እንዳትዪ፣ ለምጄዋለሁ።

የድሮውን ውይይት ታክሲ ታስታውሺያለሽ? እዚህ ያ መኪና ቀይ ተቀብቶ አሁንም ይሠራል። በእሱ ተሳፈርኩ። አሮጌው ከተማ አራት ማዕዘን ነው፤ ዙሪያውን የውኃ ቦይ ከቦታል። ታ ፔ የሚባለው በር ጋ ስንደርስ መኪናው ቆመ፤ ሶንግክራን የሚሉት የአዲስ ዓመታቸው የውኃ በዓል ነውና ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል። ፒክአፕ ላይ በርሜል የጫኑ ጎረምሶች፣ የውኃ ሽጉጥ ያነገቡ ሸበቶ ፈረንጆች፣ ስልካቸውን በላስቲክ ከረጢት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴቶች፣ ሁሉም አበባ የታተመበት ሸሚዝ ለብሰዋል። ከቦዩ በባልዲ እየቀዱ ይደፋሉ፤ የቦዩ ውኃ ደግሞ አረንጓዴ ነው፣ ንጽሕናውን አትጠይቂኝ። አንዲት ሚጢጢ ልጅ፣ ከተማሪዎቼ የማትበልጥ፣ ቀስ ብላ መጥታ ባልዲዋን ጀርባዬ ላይ ለቀቀችው። በርሜሉ ውስጥ ትልልቅ የበረዶ ጡብ ይጨምራሉ እማዬ! በዚያ እሳት በሚተፋ ፀሐይ በረዶ ውኃ ሲወርድብሽ ምን እንደሚሰማ ልነግርሽ አልችልም። “ወይኔ እናቴ!” ብዬ ጮህኩ። ሙዚቃ ስላስገቡበት ቪዲዮው ላይ አይሰማም።

ልቆጣ ዞር ስል አንድ ሽማግሌ ፊቴ ቆመዋል። አጎንብሰው ከትንሽ ሳሕን ትከሻዬ ላይ ጥቂት ጠብ አደረጉልኝና መልካም አዲስ ዓመት አሉኝ። ሚስታቸው ደግሞ በሁለት ጣታቸው ጉንጬን ነካ አደረጉኝ። ነጩ ነገር ሜካፕ አይደለም፤ በውኃ የተበጠበጠ ነጭ አፈር ነው። ታዲያ ምን ላድርግ? ሳቅሁ። ሕማማቱ የሚገባው በማግስቱ ነበር።

ደግሞስ ጃን ሜዳ ላይ ካህናቱ ውኃውን በጎማ ሲረጩ፣ ነጠላሽን ጥለሽ ወደፊት የምትጋፊው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ያ ጸበል፣ ይህ ጨዋታ፤ ልዩነቱን አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ የቡድሃቸውን ምስል አውጥተው ከተማውን ሲያዞሩና ሕዝቡ መዓዛ ያለው ውኃ ሲያፈስበት፣ እኔ ዳር ቆሜ አየሁ እንጂ አላፈሰስኩም። ይህንን ለንስሐ አባታችንም ንገሪልኝ።

ትንሹ፣ ይህቺ ላንተ ናት፤ ግን ጮክ ብለህ አንብባት። ዩኔስኮ ጥምቀታችንን በ2019 እ.ኤ.አ. መዝግቦ የለ? ሶንግክራንንም በ2023 መዝግቦታል። እነሱም እንደኛ የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው፤ እኛ 2017 ስንል እነሱ 2568 ይላሉ። የመንግሥቱን አዲስ ዓመት በ1941 እ.ኤ.አ. ወደ ጃንዋሪ 1 ቢያዞሩትም ሕዝቡ ሚያዝያውን አልለቀቀም። ከሁሉ የገረመኝ አሸዋው ነው። ዓመቱን ሙሉ ከቤተ መቅደሱ ግቢ በእግራችን ይዘን የወጣነውን አፈር እንመልስ ብለው፣ አሸዋ ተሸክመው ሄደው እዚያ ይከምራሉ።

እማዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም። ሞተር ላይ እንዳልወጣሁም እወቂልኝ፤ በዚህ ሰሞን ብዙ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። መስኮቱን ዘግቼ ስግደቴን ሰገድኩ፤ ውጭ ጭፈራው፣ ውስጥ እኔና ምንጣፌ።

ማክሰኞ አከራዬ አስጠሩኝ። ሰማንያ ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። ልጆቻቸው ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው ከባንኮክ መጥተዋል። በዚህ በዓል ባንኮክ ወና ትሆናለች፤ ሁሉም ወደ ወላጁ ነው። (መጋቢት 19 በመሬት መንቀጥቀጡ ፈርሶ በዜና ያያችሁት ሕንፃ እዚያ ነው፤ ከዚህ፣ ጎንደር ከአዲስ አበባ የሚርቀውን ያህል ይርቃል። እዚህ አምፖሉ ተወዛወዘ፣ አለቀ።) ሴትዮዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፀጉሩ የሸበተው ትልቁ ልጃቸው ሳይቀር ሁሉም እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተንበረከከ። በብር ሳሕን ውኃ ቀረበ፤ ላዩ ላይ የጃስሚን አበባ፣ ውስጡ ሶም ፖይ የሚሉት፣ ዘሩ ከግራር የሆነ የደረቀ ፍሬ። በየተራ እጃቸው ላይ ያፈሳሉ፤ እሳቸው መዳፋቸውን ገጥመው እየተቀበሉ ይመርቃሉ። የበደለ ካለ ይቅርታ የሚጠይቀውም ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ እኔን ጠቀሱኝ። ሕማማት ነው፤ እኛ እንኳ ሰው የማንሳለምበት ሳምንት። ግን ለጣዖት ሳይሆን ለአሮጊት እጅ ነው ብዬ ተንበረከክሁ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ መገጣጠሚያው ሁሉ በሪህ አብጧል። አፈሰስኩላቸው። እርጥብ እጃቸውን አናቴ ላይ አድርገው ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ ጤና የሚለውን ብቻ ነው የለየሁት። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። እሁድ ሙሽሮቹ ጉልበትሽን ሊስሙ ሲያጎነብሱ፣ በዚያ በታመመ ጉልበትሽ ያን ሁሉ ሰዓት እንዴት ትቀመጪ ይሆን አልኩ። ከአጠገብሽ ሆኖ በርጩማ የሚያቀርብልሽ ማን ነው? አለቀስኩ። ሴቷ ልጃቸው ሶፍት አቀበለችኝ።

ይህንን ቪዲዮ ያነሳው የለም።

ስለ ሠርጉ ልጽፍልሽ እየፈራሁ ነው እስከዚህ የመጣሁት። ትምህርት ቤቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝግ ነው፤ ታዲያ ለምን አትመጪም ማለትሽ አይቀርም። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደሞዙም ይዘጋል። ይህን ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር፤ አንዴ ተጽፏል። አትጨነቂ፣ ለሰፈር ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፤ አከራዬም ለኪራዩ ታግሠውኛል። የቪዛው ነገርም አለ፣ እሱን ተዪው። ሳሌም ጉንፋን አይደለም፤ በዚህ ወቅት ማሳና ጫካ ስለሚቃጠል ነው፣ ዝናቡ ሲመጣ ይለቀኛል።

ሰዎች “ታላቋ ሳታገባ?” ካሉሽ “ሥራ ላይ ናት” በያቸው። እኔን አይከፋኝም። ባሏን በስልክ አይቼዋለሁ፤ እሷ ስታወራ አያቋርጣትም፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ያሰፋችው ቀሚስ ጥለቱ እንዴት ያምራል! ፎቶውን እያሰፋሁ ክሩን ሁሉ አየሁት። ሕፃን ሆና ነጠላሽን ለብሳ ሙሽራ ሙሽራ ስትጫወት፣ ሁልጊዜ ሚዜዋ እኔ ነበርኩ። አሁን ሚዜ የሆነችው ማን እንደሆነች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። በመልሱ ዕለት ስልኩን የሆነ ቦታ አቁሙልኝ፤ ባታናግሩኝም ግድ የለም፣ ልያችሁ።

ብሩን ልኬያለሁ። ለሁለት ከፍዬ የላክሁት አውቄ ነው፤ አንዱ ለድንኳንና ለወንበር ኪራይ፣ ሌላው ለጉልበትሽ። ሲመነዘር በዝቶ እንዳያታልልሽ፤ ዘይቱም ሥጋውም አብሮ እንደጨመረ እሰማለሁ። የጉልበትሽን ለቅልቅል ድግስ ብታውዪው ግን እቀየምሻለሁ። ሠርጉ እንዳለፈ ሰኞ ሐኪም ቤት ሂጂና ራጅ ተነሺ። ከእህቴ ጋር ሳይሆን ከትንሹ ጋር ሂጂ፤ እሷ አዲስ ሙሽራ ናት፣ አታስወጫት። የሐኪሙን ወረቀትና ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። ካልላከ ቃል የገባሁለት ጫማ ቀርቷል በዪው፤ ራሱ እያነበበ ስለሆነ ሰምቷል።

ልጅሽ