«ቋንቋ እንቅፋት አልሆነባቸውም» ያላችሁት ስሕተት ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በባህል ገጻችሁ፣ ቋንቋቸው የተለያየ ወጣቶች ለሰላም ብለው አብረው ተውኔት ስለሚሠሩበት የቲያትር ልውውጥ አንድ ዘገባ ወጥቷል። ያስቆጣችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ቲያትር በራሱ ቋንቋ በመሆኑ ወጣቶቹ የቋንቋ ልዩነት እንቅፋት አልሆነባቸውም» የምትለው። ከእሷ በታች የዳይሬክተሩ ስም አለ፤ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት አለ፤ መክፈቻው ላይ ንግግር ያደረጉት እንግዳ ከነማዕረጋቸው አሉ። አስተርጓሚዎቹ የሉም። ስማቸው ይቅርና እንዲህ ያለ ሥራ መሠራቱም አልተነገረም።

እኛ በእንዲህ ያሉ ልውውጦች ላይ የምናስተረጉምና ልምምዱን የምናወያይ ሰዎች ነን። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ቃላቷን እየቀያየረች ደጋግማ ትመጣብናለች። ጉዳቷ የእኛን ድካም መሸፈን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅር ብሎን እናልፋት ነበር። ግን በጀት የሚይዙ ሰዎችም ጋዜጣ ያነባሉ። ቋንቋ ችግር ካልሆነ ለአስተርጓሚ የሚከፈለው ለምንድነው ይሉና መስመሩን ይሰርዙታል። በቀጣዩ ዙር የሚመጡት ወጣቶች ዐሥር ቀን ሙሉ እየተሳሳቁ፣ ግን ሳይነጋገሩ ይመለሳሉ። ሰላም ይገነባል ተብሎ የተጠራ ስብሰባ እንዲህ ሲያልቅ ማየት ያማል።

«አካል ይናገራል» የሚለው ክርክር ይመጣብናል። አዎ፣ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ባደገበት አገር ቋንቋ ነው። የእኛ ልጅ ታላቁ ፊት ዓይኑን ሲሰብር አክብሮቱ ነው፤ የአውሮፓ ዳይሬክተር ይህንኑ ፍርሃት ወይም ጥፋተኝነት ብሎ ሊያነበው ይችላል። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» ስንል ለማያውቀው ሰው የደነገጥን ይመስለዋል። መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን «ና» ስንለው «ሂድ» ያልነው የሚመስለው አለ። ስለ መጠራጠርና ስለ መፈራራት በሚሠራ ተውኔት ውስጥ እነዚህ ትናንሽ ነገሮች ታሪኩን ይገለብጡታል።

ቃሉ ላይ ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ይመጣል እንበል። ፍተሻ ኬላ ላይ የቆመ ወታደር አንድ ሽማግሌ ያስቆማል። በእንግሊዝኛው ሽማግሌውን የሚጠራበት ቃል ወንድና ሴትን፣ ታላቅና ታናሽን፣ ክብርና ንቀትን የማይለይ አንድ ቃል፣ «ዩ» (you) ነው። በአማርኛ ግን ወታደሩ «አንተ ሽማግሌ፣ ቁም!» ይላል ወይስ «አባቴ፣ እባክዎ ይቁሙ»? የመጀመሪያው በራሱ ጥቃት ነው፤ ሁለተኛው ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው። ኦሮምኛ «አቲ»ንና «ኢሲን»ን፣ ትግርኛም «ንስኻ»ንና «ንስኹም»ን ስለሚለይ እዚያም ጥያቄው ይነሳል። ጠቡ ከየት ጀመረ የሚለውን ተመልካቹ እንዲፈርድ በሚጠየቅበት ተውኔት፣ አስተርጓሚው የመረጣት አንዲት ተውላጠ ስም ፍርዱን ቀድማ ትሰጣለች። ስለዚህ አስተርጓሚ መግባት ያለበት ጽሑፉ ሲረቅ ነው። የመድረኩ ዕለት ጠዋት ተጠርቶ የሚመጣ አስተርጓሚ ያለቀ ነገር ይጠብቀዋል።

ዘገባችሁ በአድናቆት የጠቀሰው፣ ተመልካቹ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ታሪኩን ለመቀየር የሚሞክርበት ፎረም ቲያትር እኮ ከቋንቋ ጥያቄ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ብራዚላዊው ኦጉስቶ ቦአል ይህን ስልት ያጎለበተው እ.ኤ.አ. በ1973 ፔሩ ውስጥ፣ በብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ሲሠራ ነው። ዘመቻው ብዙ ቋንቋ ለሚናገር ሕዝብ የተዘጋጀ ነበር፤ ዓላማውም ሰዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ሳይጥሉ በእሱም በስፓኒሽም ማንበብና መጻፍ እንዲችሉ ነበር። ተመልካቹን ከወንበሩ ያስነሳው ስልት የተገኘው እንግዲህ ሰው በገዛ አፉ ይናገር ከተባለበት ቦታ ነው። እሱን ጠቅሶ ቋንቋን መናቅ ስልቱን ከሥሩ መንቀል ነው።

አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ችግሩ የት እንደሚፈጠርም ያውቃል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የምትሆን፣ ተበዳዩ ተሸንፎ የሚያልቅባት ትዕይንት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ትታያለች። ከዚያ እንደገና ትጀመራለች፤ ተመልካች «ቁም!» ብሎ ያስቆማል፣ ተበዳዩን ተክቶ ይገባል፣ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ጆከር የሚባለው አወያይ በመድረኩና በተመልካቹ መካከል ይቆማል። አሁን ግማሹ ተመልካች ንግግሩን የሚሰማው በአስተርጓሚ ነው። ትርጉሙ ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ይቀራል። ያ ተመልካች «ቁም!» ሲል ጊዜዋ አልፋለች፤ ተዋንያኑ ወደሚቀጥለው ነገር ተሻግረዋል። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ከሆነበት እጁን አያነሳም። በዘገባ ላይ «የእንግዳው ቡድን ተመልካቾች ቁጥብ ነበሩ» ተብሎ የሚጻፍላቸው እነዚህ ናቸው።

መፍትሔው ይታወቃል። ማስቆሚያው ከቃል ይልቅ ሁለቱም ወገን የሚያውቀው የጭብጨባ ምልክት ይሁን። ጭብጨባው ሲሰማ ተዋንያኑ ባሉበት ይድረቁ፤ ጆከሩ የትኛዋን ቅጽበት እንደሆነ ይጠይቅና ከዚያች ቦታ መልሶ ያስጀምራል። ቃለ ምልልሱ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በኋላ የትንፋሽ ክፍተት ይኑረው፤ ይህ ልምምድ ላይ የሚሠራ እንጂ መድረክ ላይ የሚለመን አይደለም። አስተርጓሚው ከጆከሩ አጠገብ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይቁም። የሚገባው ተመልካች ደግሞ በራሱ ቋንቋ ይናገር። በማያውቀው ቋንቋ ተኮላትፎ ጀግና መሆን የሚችል የለም።

ከመድረክ በላይ የትርጉም ጽሑፍ በስክሪን ማሳየት ለዚህ ዓይነቱ አያገለግልም፤ ተመልካቹ ምን እንደሚል ቀድሞ የሚያውቅ የለምና። ቃሉ አስቀድሞ ለተጻፈ ተውኔት ያገለግላል፤ ያኔም በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ ጽሑፉን የሚያሳልፈው ሰውም ልምምዶቹ ላይ ይገኝ፤ ተዋናይ ቃል ዘልሎ ሲሄድ ተከትሎ መዝለል አለበት። አማርኛ ከሆነ ፊደሉ በአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ መኖሩ ቀደም ብሎ ይታይ፤ ከሌለ የሚታየው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። ጽሑፉን በምስል መልክ ይዞ መሄድ ከዚህ ያድናል።

«ሁሉም እንግሊዝኛ ይችላሉ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎርደን ኦልፖርት የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በጠብ የሚተያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ጥላቻን የሚቀንሰው መቼ እንደሆነ ሲያስቀምጥ፣ ከጠቀሳቸው ሁኔታዎች አንዱ በመገናኛው ቦታ ላይ እኩል ደረጃ መኖር ነው። የጋራ ቋንቋው እንግሊዝኛ ሲሆን ይህ ይፈርሳል። ጥሩ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ከተማ ያደገው፣ የግል ትምህርት ቤት የተማረው ልጅ ነው። እሱ የቡድን መሪ ይሆናል፣ እሱ ለጋዜጠኛ መልስ ይሰጣል። ከገጠር የመጣችው፣ ግጭቱን በዓይኗ ያየችው ልጅ ግን ከበሮ ትመታለች፣ ትጨፍራለች። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በውሳኔ ቁጥር 2250 ወጣቶች በሰላም ጉዳይ ይሳተፉ ሲል ሊሰማ የሚገባው የእሷም ድምፅ ነው።

ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ መካከል፣ ነቬ ሻሎም ወይም በዓረብኛ ዋሃት አል-ሰላም በምትባለው የአይሁድና የፍልስጤም ዓረቦች መንደር ያለው የሰላም ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሁለቱን ወገን ወጣቶች ያገናኛል። ውይይቱን የሚመሩት አንድ አይሁዳዊና አንድ ዓረብ ሆነው ነው። እዚያም ሁለቱ ቋንቋዎች በእኩል ተፈቅደው ሳለ ዕብራይስጡ ክፍሉን ይቆጣጠረው ነበር፤ ዓረቦቹ ዕብራይስጥ ያውቃሉ፣ አይሁዶቹ ግን በአብዛኛው ዓረብኛ አያውቁም። አንድ ዓረብ ወጣት በዓረብኛ ልናገር ሲልና ሌላው ወገን ትርጉም መጠበቅ ሲኖርበት በክፍሉ ውስጥ ያለው ኃይል ቦታ ይቀይራል። ያ መጠበቅ ምን እንደሚያስተምር ያየ ሰው ቋንቋ እንቅፋት አልነበረም ብሎ አይጽፍም። ቋንቋው ራሱ የውይይቱ ጉዳይ ነበር።

ፈረንሳይና ጀርመንን እንይ። እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1963 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎልና የምዕራብ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት አደናወር የኤሊዜ ውል የሚባለውን የወዳጅነት ስምምነት ፈረሙ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ የሁለቱ አገሮች የወጣቶች ቢሮ ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ከ9 ሚሊዮን በላይ ወጣቶች በልውውጡ አልፈዋል። ይህ ቢሮ ቋንቋውን አልዘለለውም። ከመጀመሪያው ቀን በጨዋታ እየታገዙ የሌላውን ወገን ቃላት የሚያስለምዱ ዘዴዎች አበጀ፤ ታንደም በሚባለው ዘዴም ሁለት ወጣቶች ተጣምረው አንዱ የአንዱ መምህር ይሆናሉ። ለዚህ የሠለጠኑ ሰዎች አሉት። ሦስት ጊዜ በ70 ዓመት ውስጥ የተዋጉ ሕዝቦች ናቸው፤ ፈገግታ ብቻውን ይበቃቸዋል አላሉም።

ቁጥሩን በግልጽ እናስቀምጠው። ከእያንዳንዱ ወገን 12 ወጣት ላለው የዐሥር ቀን ልውውጥ ከሁለት አስተርጓሚ በታች አይቻልም። አዳራሽ ውስጥ ንግግሩ እየሄደ አብሮ የሚተረጉም ሰው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሠርቶ ተራውን ለባልደረባው ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ሲገፋ ስሕተቱ ይበዛል፣ እሱም አይታወቀውም። ተናጋሪው ቆም እያለለት ተከትሎ የሚተረጉም ከሆነ ጊዜው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ 90 ደቂቃ የተያዘለት ውይይት ሦስት ሰዓት ይበላል፣ መርሐ ግብሩም በዚያ ልክ ይሠራ። በጆሮ እያንሾካሾኩ ማስተርጎም ከሁለት ሰው በላይ አይደርስም። ከወጣቶቹ መካከል ሁለቱን ቋንቋ የሚችለውን ልጅ «አንተ አስተርጉም» ማለት ደግሞ ያንን ልጅ ከልውውጡ ማስወጣት ነው። የሌላውን ቁጣ ሲያደርስ የራሱን አይናገርም። በአሜሪካና በእስራኤል ለወላጆቻቸው በየክሊኒኩና በየቢሮው ሲያስተረጉሙ ያደጉ የወገኖቻችን ልጆች ይህ ሸክም ምን እንደሚመስል ያውቁታል።

አስተርጓሚው ከቡድኑ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ገና ከቪዛው ነው። ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ለሚያገለግለው የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ፣ ቢዘገይ ጉዞው 15 ቀን እስኪቀረው ድረስ ይገባል፤ ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። የጉዞ መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ዕድሜያቸው እስከ 25 የሆነ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅትን ወክለው ሌላ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ወዳዘጋጀው የባህል ወይም የትምህርት ዝግጅት የሚሄዱ የቪዛ ክፍያ አይከፍሉም፤ የጥሪ ደብዳቤው ይህን በግልጽ ሊጽፍላቸው ይገባል። አስተርጓሚው ግን ዕድሜው ከዚያ ያለፈ ነው፤ 90 ዩሮውን ይከፍላል፤ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው በመጨረሻ ሰዓት ነው። ሳይደርስለት ይቀርና ቡድኑ ያለ እሱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ «ቲያትር በራሱ ቋንቋ ነው» የሚባለው፤ ሌላ የቀረ ነገር ስለሌለ።

የምንጠይቀው ይህን ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር በዚያው ገጽ ላይ ትታረም። የአስተርጓሚዎቹ ስም፣ ከፈቀዱ፣ ከዳይሬክተሩ ስም ጎን ይግባ። ጋዜጠኛችሁ ወደሚቀጥለው የወጣቶች ልውውጥ ሲሄድ ከመድረኩ ምሽት በፊት አንድ ልምምድ ላይ ተቀምጦ ይይ፤ እንግሊዝኛ የማትናገረውንም ልጅ በቋንቋዋ ያነጋግራት። አስተርጓሚ ካስፈለገው የፕሮግራሙን አዘጋጆች ይጠይቅ፤ የለም ካሉት ያንን ይዘግብ።

ከአክብሮት ጋር፣
በወጣቶች ቲያትር ልውውጥ ላይ የሚሠሩ አስተርጓሚዎችና አወያዮች
አዲስ አበባ