ድሃን አትቆጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እዚህ ሱሉልታ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎታል።

ቅዳሜ አክስትሽ መጥታ ነበር። በአዲሱ ሥራሽ እንጦጦ ወጥተሽ እንጨት ተሸካሚዎቹን «አየሩን ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ» ብለሻቸዋል አሉ። እንቅልፍ ነሳኝ።

ልጄ፣ ድሃን አትቆጪ። አያትሽ ያን ዳገት እንዴት እንደኖረችበት ታውቂያለሽ። ሌሊት ተነስታ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ትለቅማለች። ገመዱን ደረቷ ላይ አስራ፣ ጎንበስ ብላ እስከ ሽሮ ሜዳ ትወርዳለች። ጥበቃ ከመጣ ሸክሟን ጥላ ትሮጣለች፤ ያን ቀን እራት የለም። ደህና ደህናው እንጨት ይሸጣል፣ እኛ ቤት የሚነደው ትርፍራፊው ነው። ጀርባዋን ሳሽላት ገመዱ የሠራውን ጠባሳ በጣቴ እዳስሰው ነበር። እስክትሞት አልጠፋም። ዓለምን ያሞቀችው እሷ ናት?

ቁጥሩን አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም እንዳሰላው በ2019 እ.ኤ.አ. ከዓለም ሕዝብ 1 በመቶ የሚሆኑት ሀብታሞች የለቀቁት ካርቦን፣ ከዓለም ሕዝብ 66 በመቶ የሚሆኑት ድሆች ከለቀቁት ጋር እኩል ነው። አፍሪካ ሁሉ ተደምሮ ከዓለም 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። በ2009 ኮፐንሃገን ላይ ሀብታም አገሮች ድሃ አገሮች የአየር ለውጡን እንዲቋቋሙ እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ሊያዋጡ ቃል ገቡ። የሞላው በ2022 ነው፣ ያውም አብዛኛው በብድር። ብድሩን ደግሞ የሚከፍለው ያው ድሃው ነው።

ዛፍ አይቆረጥ ማለትሽን አልነቅፍም። ተራራው ሲራቆት ጎርፉ መጀመሪያ የሚወስደው ወንዝ ዳር ያለውን ደካማ ነው። ግን እንጨት ተሸካሚዋን እንጨቱን ተዪ ከማለትሽ በፊት በምን እንደምትጋግር ጠይቂያት። ቆጣሪ የላት፣ ምጣድ መግዣ የላት። ድሃን አትቆጪ ስልሽ ዝም በዪ ማለቴ አይደለም። በ2027 እ.ኤ.አ. የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ይመጣል። መሥሪያ ቤትሽ ከገባ፣ ያኔ አፍሽን ሞልተሽ ተናገሪ። ብዙ ያቃጠለ ብዙ ይክፈል በያቸው። የኔ እናት፣ አንደበትሽ ስል ነው፤ ለዚያ ይዋል።

በዚህ ሳምንት ተመልሰሽ ሴቶቹን ይቅርታ ጠይቂያቸው። ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ፣ ቡናና ስኳር ያዢ። ሹራብ ደርቢ፣ ላይ ብርድ ነው። እሁድ ስትመጪም የቆጣሪውን ካርድ አስሞልተሽ ነይ፤ ካርዱን ለአክስትሽ ሰጥቻታለሁ።

እናትሽ