«ጸጥታው ተረጋግቷል» ሲባል ማን ተጠይቆ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ጎጃም የሚወጡ ዘገባዎች «በዞኑ አንጻራዊ ጸጥታ ሰፍኗል» ወይም «የጸጥታው ሁኔታ አሳሳቢ ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሲዘጉ ባነበብኩ ቁጥር፣ ይህን የሚነግረን ሰው ማንን ጠይቆ እንደሆነ ማወቅ እሻለሁ። «ጸጥታ» በአማርኛችን ደኅንነትንም ዝምታንም የሚያመለክት ቃል በመሆኑ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። ተኩስ ያልተሰማበትን ሳምንት ጸጥታ የሰፈነበት እንለዋለን፤ በዚያው ሳምንት መንገድ ተዘግቶባት እህሏን ወፍጮ ቤት ማድረስ ያቃታትና በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ ያደረች ሴት ግን ስላልጮኸች ብቻ ከሒሳቡ ትወጣለች።

እኔ በምሥራቅ ጎጃም ገጠሮች ለረጅም ዓመታት አስተምሬ አሁን በጡረታ ደብረ ማርቆስ የምኖር ሴት ነኝ። የጦር ስልት አላውቅም፤ ሆኖም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ታውጆ 10 ወራት ከቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ከገጠር የሚመጡ ዘመዶቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ የሚያወጉኝን ሰምቻለሁ። ከእነዚህ አንዷ፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ እናት፣ ቡና እያፈላሁላት እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው በር ላይ ቆሞ እንጀራ ሲል የለም ይባላል? እሱ በልቶ ሲሄድ ደግሞ ሌላው ይመጣና ለምን አበላሽ ይለኛል። ምጣዴን ሰብሬ ልቀመጥ?» ይህች ሴት ለማንም ወግና አላበላችም፤ ምጣዱ የእሷ በመሆኑ ብቻ ጦርነቱ ቤቷ ገባ። በአገራችን ጦር የሚዘምተው ምንጊዜም ሴቶች በፈጩት በሶና በቆሉት ቆሎ ነው። ታሪክ ሲጻፍ «ስንቅ አቀባይ» ተብለው በግማሽ መስመር ይታለፋሉ፤ ቂም መወጣጫ ሲፈለግ ግን ቀድሞ የሚታወሰው መሶባቸው ነው።

ሌላም ልጨምር። በገጠራችን ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ማድረስ የወንዶች ግዴታ ነበር። አሁን ሰዓት እላፊ በተጣለበት፣ ወይም ማን እንደሚጠብቀው በማይታወቅ መንገድ ላይ ስምንት ጎልማሶች በሌሊት ተሰብስበው ቢታዩ አንዱም ሌላውም ወገን ይጠረጥራቸዋል። በዚህ የተነሣ ሴቶች ራሳቸው ቃሬዛውን የተሸከሙበት ሌሊት እንደነበረ፣ አብራ የተሸከመች ተማሪዬ አጫውታኛለች። ከፊት የምትሄደው ነጠላዋን በዱላ ጫፍ አስራ ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር። ባትሪ ማብራቱ ይሻላል ወይስ በጨለማ መሄዱ በሚለው ነገር በሽተኛዋን እንደተሸከሙ ቆመው ተከራክረዋል፤ ቢያበሩ ለተኳሽ ይታያሉ፣ ባያበሩ ለደፈጣ የመጡ ይመስላሉ። በመጨረሻ አብርተው፣ ጮክ ብለው እያወሩ ሄዱ። እንዲያ ባለ ሌሊት ጸጥ ማለት ያስገድላል።

የሴቶችን ዓይን ወደ ጦርነትና ደኅንነት ጥናት ያስገቡ ምሁራን ለአሠርት ዓመታት ሲከራከሩ የኖሩት ደኅንነት በድንበርና በሠራዊት ብቻ እንዳይለካ ነው። በክርክሩ እስማማለሁ፤ ቅሬታዬ በሚጻፍበት ስፍራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ለመቃወም በኔዘርላንድስ ከተማ በሄግ የተሰበሰቡት ሴቶች ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የሄዱ ነበሩ። ዛሬም ንድፈ ሐሳቡ በአመዛኙ ከእኛ ርቆ ይጻፍና የእኛ ሴቶች ለምሳሌ ያህል፣ ያውም እንደ ተጎጂ ብቻ፣ ይጠቀሳሉ። የአፍሪካ ኅብረት በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ማፑቶ ላይ የተቀበለው የሴቶች መብት ፕሮቶኮል ግን በዚህ ረገድ ሊጠና ይገባዋል፤ በ10ኛው አንቀጹ ሴቶች በግጭት መከላከልና አፈታት እንዲሳተፉ ከመጠየቅ አልፎ፣ መንግሥታት ወታደራዊ ወጪያቸውን በእጅጉ ቀንሰው ለማኅበራዊ ልማትና በተለይም ለሴቶች እድገት እንዲያውሉ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ስለ ሴቶች፣ ሰላምና ጸጥታ ባወጣው ዝነኛ ውሳኔ 1325 ውስጥ ግን ስለ ወታደራዊ ወጪ መቀነስ የተጻፈ ነገር የለም።

ይህን ስል «ሴት በተፈጥሮዋ ሰላም ወዳድ ናት» የሚለውን አባባል እንደማልቀበል መግለጽ አለብኝ። እዚሁ ጎጃም፣ እነብሴ ያለችውን የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ፣ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ አገር በሚያስተዳድሩበት ጊዜ በመልእክተኛቸው በማቴዎስ እጅ ለፖርቱጋል ንጉሥ የላኩት ደብዳቤ የጦር ኅብረት የሚጠይቅ ነበር። በለቅሶ ቤትም ቢሆን የአስለቃሽ ግጥም ደም ያልመለሰውን ወንድም ጎረቤቱን ቀና ብሎ እንዳያይ ሲያደርገው እያየን አድገናል። እንግዲህ ሴቶች በድርድር ይቀመጡ የምለው ቂሙ በየትኛው ቤት እንዳደረና በምን እንደሚበርድ ስለሚያውቁ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመውን ስምምነት የፈረሙት የሁለቱ ወገን ዋና ተደራዳሪዎች ወንዶች ነበሩ፤ ከሦስቱ የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪዎች አንዷ ደቡብ አፍሪካዊቷ ፑምዚሌ ምላምቦ ንጉካ ነበሩ። በእኛም አካባቢ ሽማግሌ ሲላክ ሴቶቹ ምግብና ጠላ አቅርበው ከጓዳ ሆነው ይሰማሉ። ወደፊት በክልላችን ምክክርም ሆነ ድርድር ሲዘጋጅ የቢሮ ኃላፊ የሆነች አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ መታየቷ በቂ ተደርጎ እንዳይወሰድ አሳስባለሁ። የገጠር ሴቶች እንዲመጡ ከተፈለገ ስብሰባው በገበያ ቀን ይደረግ። ሴት እንዲሁ ከቤት ስትወጣ የት ልትሄድ ነው ትባላለች፤ ቅቤና እንቁላል ይዛ ስትወጣ ግን የሚጠይቃት የለም። የተናገረችውም ቀበሌዋ ቀድሟት እንዳይደርስ፣ ካሜራና ቃለ ጉባኤ ያዥ የሌለበት አንድ ክፍል ይዘጋጅ።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። የሚቀጥለውን «ጸጥታው ተሻሽሏል» የሚል ዘገባ ከማተማችሁ በፊት ዘጋቢያችሁ የጸጥታ ኃላፊውን መግለጫ ከተቀበለ በኋላ ወደ አንድ ወፍጮ ቤት ጎራ ይበልና ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች በስንት ሰዓት ከቤት እንደወጡ፣ በየት በኩል እንደመጡ፣ ሳይመሽ እንገባለን ብለው ያስቡ እንደሆነ ይጠይቅልን። መልሳቸውን ከኃላፊው ቃል ጎን፣ ስማቸውን ሳትጠቅሱ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ