ስለ ድመትሽ ኩላሊት

ይድረስ ለምናፍቅሽ ጓደኛዬ፤ እንደምን ከርመሻል? የደሴ ጉምና ብርድ እንዴት ይዞሻል? ይህን ያህል ዝም በማለቴ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አውፍ በይኝ።

ድመትሽ ውሃ ታበዛለች፣ ምግብ እንቢ ብላለች፣ ታስመልሳለች፣ ወገቧን ሲነኳት ትጮኻለች ማለትሽ አሳስቦኛል። የኩላሊት ኢንፌክሽን ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ከፊኛ ወደ ላይ ወጥቶ ነው ኩላሊት የሚገባው። ሙቀቷ ከ39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ትኩሳት አለባት፤ ሳያተኩሳቸው የሚታመሙም ስላሉ ግን እንዳትዘናጊ።

አደራሽን፣ የሽንት ናሙና ሳይወሰድ አንድም ክኒን እንዳትሰጫት። መድኃኒት ከቀመሰች ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ላይ ላይበቅል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሕክምናው በጭፍን ነው። ከመሬት የተለቀመ ሽንት ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ ለመለየት ለሚደረገው ምርመራ፣ አይሆንም። ሐኪሙ ፊኛዋን በእጁ ይዞ በቀጭን መርፌ በሆዷ በኩል ይቀዳዋል፤ አብሽሪ፣ ብዙዎቹ ንቅንቅ አይሉም። ናሙናው ወዲያው የማይመረመር ከሆነ ፍሪጅ ይግባ፣ ከ24 ሰዓት ግን አይለፈው። ኮምቦልቻ ያለውን የእንስሳት ላቦራቶሪ ወይም የወሎ ዩኒቨርሲቲን የእንስሳት ሐኪሞች ካልቸር ይሠሩልሽ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ኩላሊቷ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየው የደም ክሬያቲኒን ምርመራና አልትራሳውንድም ይታይላት፤ ጠጠር ካለ በመድኃኒት ብቻ አይለቃትም።

የካልቸሩ ውጤት ቀናት ስለሚፈጅ ሕክምናው ናሙናው እንደተወሰደ ይጀመራል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። በ3 ቀን ውስጥ ካልተሻላት መልሰሽ ውሰጃት። ኤንሮፍሎክሳሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ ከታዘዘላት በቀን በኪሎ ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፤ ከበለጠ ዓይኗን ሊያጠፋው ይችላል። 4 ኪሎ ለሆነች ድመት 20 ሚሊግራም ማለት ነው። ለዶሮ የሚሸጠው ባለ 10 ፐርሰንቱ ቢሆን 0.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ስሪንጁ ላይ ትንሽ ካለፈ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሱ አትሞክሪው። ጄንታማይሲን የሚባለው ሌላው ፀረ ባክቴሪያ ደግሞ ራሱ ኩላሊት ይጎዳል። የሰው ማስታገሻማ ጨርሶ አይታሰብ፤ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል፣ ዲክሎፌናክ የቀረውን ኩላሊት ያበላሻል።

ሰውነቷ ውሃ ካጠረው ሐኪሙ ሪንገር የሚባለውን ፈሳሽ ከቆዳዋ ሥር ይሰጣታል። ምግቧን ሞቅ አድርገሽ አቅርቢላት፤ 2 ቀን ሙሉ ካልበላች ጉበቷም አብሮ ይታመማል። መድኃኒቱ ካለቀ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ሽንቷ እንደገና ይመርመር፤ ስለበላችና ስለተጫወተች ብቻ ድናለች ማለት አይደለም።

ከመሄድሽ በፊት አቅፈሻት ሚዛን ላይ ውጪ፣ ቀጥሎ ብቻሽን፤ ልዩነቱ ኪሎዋ ነው። ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዥው፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በሱ ነው። ሐኪሙ ያለሽን ዛሬ ማታ ደውለሽ ንገሪኝ።